የአዲስ ትራያትሎን ብስክሌት የመጀመሪያ ሳምንት፦ መፈተሽ፣ ልክ ማውጣት፣ መልመድ

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በሚከታተሉበት የትራያትሎን ውድድር የሚነዳው ብስክሌት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፤ «ይሄ ነገር ይወነጨፋል» ወይም «አንገቴ ተቆረጠ»። ሁለቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን በብስክሌቱ ላይ ለመፍረድ ገና ነው። የተለመደው የመንገድ ብስክሌት ኮርቻ የሚቆምበት ዘንግ ከመሬት ጋር 73 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ፣ የዚህኛው ከ76 እስከ 80 ዲግሪ ይደርሳል። ተቀማጩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ዳሌው አብሮ ይዞራል፣ ደረቱ ዝቅ ይላል፣ ክንዱም ኤሮባር በሚባለው፣ ወደ ፊት በተዘረጋው ተጨማሪ መሪ ማሳረፊያ ላይ ይጋደማል። ይህ ሁሉ ለነፋስ ሲባል ነው። ሜዳ ላይ ጉልበት የሚበላው ዋናው ነገር ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚያግደው ደግሞ ከብስክሌቱ ይልቅ የነጂው ገላ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነት አትቁጠሩ። ኤሮባሩ ላይ ቀና ሳትሉ የቆያችሁበትን ደቂቃ ቁጠሩ። አምስት ደቂቃ አስፈትልኮ ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ወገብ የሚያስይዝ አቀማመጥ 90 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት የግማሽ አይረንማን ውድድር ላይ ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ 21.1 ኪሎ ሜትር መሮጥ አለ።

ከቤት ሳትወጡ

ብስክሌቱ ተፈትቶ በካርቶን ወይም በሻንጣ ከመጣ፣ የገጠመው ባለሙያ ቢሆንም ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ። ካርቦን ላይ የእጅ ግምት አይሠራም። የላላ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ቀለም ሥር ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ጥብቀትን በኒውተን ሜትር የሚለካ ቶርክ መፍቻ ግዙ ወይም ተዋሱ። ልኩ ብዙ ጊዜ ብሎኑ አጠገብ ተጽፏል። የመሪ ብሎኖች በአብዛኛው 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ግን የሚታመነው ብስክሌታችሁ ላይ የተጻፈው ነው። አራት ብሎን ያለውን ክዳን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የካርቦን ዘንግ ከካርቦን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግሪስ አይቀባም። የሚቀባው ደቃቅ ቅንጣት ያለበት የካርቦን ቅባት ነው። ግሪስ ከተቀባ ኮርቻው በየጉዞው በሚሊሜትር ይሰምጣል፤ የምታውቁትም ጉልበታችሁ ሲያም ነው።

ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። የመሪው አንገት ላይ «ቋ፣ ቋ» የሚል ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ሳይጠብቅ አትውጡ። ማርሹን እያዞራችሁ ሁሉንም ደረጃ ሞክሩ። አንዱ ላይ ካቴናው የሚዘል ከሆነ፣ የኋላው ማቀያየሪያ የተንጠለጠለባት ትንሽ ብረት በጭነት ወቅት ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ ገመዱን ወይም ቅንብሩን በመነካካት ግን አይስተካከልም፣ ብረቱ ራሱ መቃናት ወይም መለወጥ አለበት። የኤሌክትሪክ ማርሽ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሙሉት።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ይመስላል፤ ሸካራ አስፋልት ላይ ግን ብስክሌቱን እያነጠረ ጉልበት ያባክናል፣ ክንድንም ያደነዝዛል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ሚሊሜትር ስፋት ባለው፣ ካላማዳሪያ በማይፈልገው ጎማ ከ65 እስከ 75 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ቸርኬያችሁ ጎማውን የሚይዝ የታጠፈ ጠርዝ ከሌለው ጣሪያው 5 ባር ወይም 72.5 ፒኤስአይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ሊወጣ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ጥልቅ ቸርኬ ረጅም ቫልቭ ይፈልጋል። 60 ሚሊሜትር ጥልቀት ላለው ቸርኬ 80 ሚሊሜትር ቫልቭ ያለው ትርፍ ካላማዳሪያ ያዙ። አጭር ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ መንገድ ላይ ምንም አይጠቅማችሁም፣ መንፊያው የሚይዘው ነገር አያገኝምና።

ልክ ማውጣት

ይህን ቤት ውስጥ፣ ብስክሌቱን ትሬነር ላይ (ቤት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ለመንዳት የሚይዘው መሣሪያ) አቁማችሁ ሥሩት። የፊት ጎማው ከኋላው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ካልሆነ የኮርቻው ዘንበል ሁሉ ያታልላችኋል። ቅደም ተከተሉ ኮርቻ፣ ቀጥሎ የክንድ ማሳረፊያ፣ በመጨረሻ የኤሮባሩ ዘንጎች ርዝመት ነው። ኮርቻው ከተነካ ሌላው ሁሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመሪው የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ለኮርቻው ከፍታ መነሻ የሚሆን ቀመር አለ። ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ መጽሐፍ ብሽሽታችሁ ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ለኩ፣ ውጤቱን በ0.883 አባዙ። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል። ይህ ፔዳሉ ከሚዞርበት መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ከመንገድ ብስክሌታችሁ ልክ ገልብጣችሁ ከሆነ ግን እርማት ያስፈልጋል፦ ኮርቻው በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ፔዳሉ ይቀርባል፣ ስለዚህ 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይበል። 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የሄደ ሰው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ አለበት። ይህን የዘለለ ሰው «አዲሱ ብስክሌት ጭኔን አቃጠለው» ይላል፤ ያቃጠለው ዝቅ ብሎ የቀረ ኮርቻ ነው።

ኮርቻውን መጀመሪያ ፍጹም አግድም አድርጉት፣ ከዚያ አፍንጫውን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ዝቅ በማድረግ ሞክሩ። ከዚያ በላይ ካዘነበለ ወደ ፊት ትንሸራተታላችሁ፤ ክብደቱም ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሰዎች ትከሻቸው ሲዝል መሪውን ይወቅሳሉ፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ኮርቻው ጋ ነው።

የክንድ ማሳረፊያው ከክርኑ ትንሽ ፊት፣ የክንድ ጡንቻው ወፍራም ክፍል ላይ ያርፍ። ክርን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ቢታጠፍ የላይኛው ክንድ አጥንት ክብደቱን ይሸከማል፣ ጡንቻ አይደክምም። ክንዱ ከዚያ በላይ ከተዘረጋ ሰውነት በትከሻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማሳረፊያውን በመጀመሪያው ሳምንት ዝቅ አታድርጉት። ከሥሩ 20 ወይም 30 ሚሊሜትር መደገፊያ ይኑረው፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ቀንሱ። ስልካችሁን በዳሌ ከፍታ፣ ሦስት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ከጎን ቅረጹ። ጉልበት ወደ ላይ ሲወጣ ሆድ ወይም ደረት የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ልኩ ገና ነው። ዳሌ ላይ ለሚጨናነቅ ሰው 172.5 ሚሊሜትር የነበረውን የፔዳል ክንድ ወደ 165 መለወጥ ማሳረፊያውን ከፍ ከማድረግ የተሻለ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበት ዝቅ ብሎ ያልፋልና። ሲለወጥ ኮርቻውም በልዩነቱ ልክ ከፍ ይላል።

ይህ አቀማመጥ ዋጋ እንዳለው የሚጠራጠር ካለ የ1989ኙን ቱር ደ ፍራንስ ያስታውስ። ግሬግ ለሞንድ ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ ባለው 24.5 ኪሎ ሜትር የመጨረሻ ቀን ኤሮባር ይዞ ወጣ፣ ሎራን ፊኞን ሳይዝ ወጣ፤ የሦስት ሳምንቱን ውድድር ለሞንድ በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ያንን መሪ ከእሱ በፊት ይጠቀሙበት የነበሩት ትራያትሌቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ጉዞ

አንድ ሰዓት ይበቃል። ሜዳ፣ ቀጥ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት ቦታ ምረጡ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ሄይንስ ፖይንት አለላችሁ፤ ዱባይ ያላችሁ ደግሞ የአል ቁድራ የብስክሌት መንገድ፣ አሸዋ የተበተነበትን ቦታ እየተጠነቀቃችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢወጣም፣ እግረኛና ሚኒባስ ባለበት ኤሮባር ላይ መተኛት አይገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፍሬኑ ኤሮባሩ ላይ የለም፣ ጎን ለጎን ባለው ዋና መሪ ላይ ነው። እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በየሰከንዱ 10 ሜትር ይጓዛል።

የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ኤሮባሩን አትንኩ። አዲስ የዲስክ ፍሬን እስኪሟሽ አይዝም፤ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ እስከ እርምጃ ፍጥነት ድረስ 20 ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ ያዙ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ጨምራችሁ 10 ጊዜ ድገሙ። ጎማው እንዳይቆለፍ፣ ሙሉ በሙሉም እንዳትቆሙ። ፍሬኑ የሚንጫጫ ከሆነ ዲስኩን በጣት የነካው ሰው ወይም ጠብ ያለ የካቴና ዘይት ሊሆን ይችላል። በመሐል ኩርባ ዙሩ፣ ጠርሙስ አውጥታችሁ መልሱ፣ ከቆማችሁበት ተነሱ።

ከዚያ አንድ ክንድ ማሳረፊያው ላይ አኑሩ፣ ሚዛኑ ሲሰማችሁ ሁለተኛውን። 30 ሰከንድ ቆይታችሁ ተመለሱ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። የፊት ጎማው እንደ ባሕር ላይ ጀልባ ይወዛወዝባችኋል፣ ክብደታችሁ ወደ ፊት ሄዷልና። መድኃኒቱ መሪውን ጨምድዶ መያዝ አይደለም፤ ጣት ላላ ይበል፣ ዓይን ከ30 እስከ 50 ሜትር ራቅ ይበል፣ አቅጣጫ በእጅ ሳይሆን በዳሌና በትከሻ ዘንበል ይቀየር። ኮምፒውተሩን ለማየት አንገት አትድፉ፤ አንገት ደፍቶ የቆመ መኪና ጀርባ ላይ የገባ ነጂ ብርቅ አይደለም። ኩርባ፣ ቁልቁለት፣ መስቀለኛ መንገድ፣ ሰው ጀርባ፣ እርጥብ አስፋልት ሲመጣ እጅ ወደ ዋናው መሪ፣ ሁልጊዜ።

ነፋስ

አዲሱን ብስክሌት የሚያስጠላው ብዙ ጊዜ የጎን ነፋስ ነው። 60 ወይም 80 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቸርኬ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። የኋላው ጎማ ክብደት አለበት፣ ችግር የለውም፤ የፊተኛው ግን መሪውን ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ጥልቀታቸው የተለያየ ቸርኬዎች ካሏችሁ ኋላ ጥልቁን፣ ፊት 40 ወይም 50 ሚሊሜትሩን አድርጋችሁ ጀምሩ። የሚጥለው ወጥ የሆነው ነፋስ አይደለም፤ ድንገት የሚቋረጠውና ድንገት የሚመለሰው ነው፦ የጭነት መኪና ሲያልፍ፣ ከሕንፃ ጥግ ስትወጡ፣ ድልድይ ላይ። እነዚህን ቦታዎች ሳትደርሱባቸው ዋናውን መሪ ያዙ፣ ፔዳል መርገጡን አታቁሙ፣ ሰውነት አይገትር። በሃዋይ ኮና በሚካሄደው የአይረንማን ዓለም ሻምፒዮና ሙሉ ዲስክ ጎማ (በሽቦ ፋንታ ወጥ ሰሌዳ የሆነው) ለረጅም ዓመታት ተከልክሎ የቆየው በዚሁ የጎን ነፋስ ምክንያት ነው። ለዓመታት የለመዱትን ከከለከሉ፣ ሳምንት ያልሞላው ነጂ ቢጠነቀቅ አያፍርም።

ከፍታ ቦታ የሚነዳ ሰው ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል ስስ ነው፤ ነፋሱ ያን ያህል አይገፋም፣ ሳንባም ያን ያህል አያገኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያያችሁትን ፍጥነት ከዱባይ ወይም ከኤይላት ጋር አታወዳድሩ።

ሕመሙ የሚናገረው

ከጉልበት ፊት የሚያም ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ከልክ በላይ ወደ ፊት ሄዷል። ከጉልበት ጀርባ ከሆነ ከፍ ብሏል። ብሽሽት የሚደነዝዝ ከሆነ አትታገሡት፤ ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም። የኮርቻውን አፍንጫ በ1 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፣ ካልተሻለ አፍንጫው ለሁለት የተከፈለ ኮርቻ ሞክሩ። የአንገት ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚጠበቅ ነው፤ ጭንቅላትን ቀጥ አድርጎ ከማንሳት ይልቅ ዓይንን ወደ ላይ ማድረግ ያቀለዋል፣ ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ማሳረፊያው 10 ሚሊሜትር ከፍ ይበል። በጉዞ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ውኃና ምግብ ለመያዝ ከሁሉ የሚመቸው በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚቀመጥ ጠርሙስ ነው፣ ሳትነሱ ትጠጣላችሁና። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይታሰባል፤ ሆድ ግን የተጎነበሰ አቀማመጥን መልመድ ስላለበት ከ60 በታች ጀምሩ። በሶ በጥብጣችሁ ለመጠቀም ካሰባችሁ ለተራ ጠርሙስ ይሁን፣ ቀጭኑን መምጠጫ ይደፍነዋል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉዞ መጨረሻ ላይ ብስክሌቱን አስቀምጣችሁ ወዲያው 15 ደቂቃ ሩጡ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እግር እንጨት ይመስላል፣ ያ ያልፋል። ወገብ አልቃና ካለ ወይም የዳሌ ፊት ከተያዘ ግን አቀማመጡ ከልክ በላይ ዝቅ ብሏል፣ ብስክሌቱ ላይ ምንም ያህል ቢመቻችሁ። ልኩ ሲስማማችሁ የኮርቻውን ከፍታ፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ ማሳረፊያው ያለውን ርቀትና የመደገፊያውን ቁመት በሚሊሜትር ጻፉ፤ ዘንጉ ላይም በቴፕ ምልክት አድርጉ። ለውድድር በአውሮፕላን ስትጓዙ ብስክሌቱ ይፈታል፣ የሚገጠመውም በድካምና በችኮላ፣ ከውድድሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሆቴል ክፍል ወለል ላይ ነው።