የፍጥነት ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት
የፍጥነት መለኪያው ቀስት በጉዞ ላይ ድንገት ወደ ዜሮ ሲወርድና የመመርመሪያ መሣሪያው ፒ0500 የሚል ኮድ ሲያሳይ ብዙዎች በቀጥታ አዲስ የፍጥነት ሴንሰር (የመኪናውን ፍጥነት ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ መሣሪያ) ይገዛሉ፤ ኮዱ ግን የሚናገረው የፍጥነት ምልክቱ በአግባቡ እንዳልደረሰ እንጂ የግድ ሴንሰሩ እንደተበላሸ አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ ሶኬቱን ነቅለው ዝገት፣ ዘይት ወይም የተቆረጠ ሽቦ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ የተገጠመውን ሴንሰር ፈትተውም በማግኔቱ ተስቦ ጫፉ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ካለ ይጥረጉ። ባለ ሁለት ሽቦው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ የማርሽ ጥርሶች በፊቱ ሲያልፉ ራሱ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ ድጋፍ ላይ ቆሞ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች ሲሽከረከሩ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካል። ባለ ሦስት ሽቦው ግን ኃይል ከውጭ የሚቀበል በመሆኑ፣ ቁልፉ ተከፍቶ እንደ መኪናው ዓይነት 5 ወይም 12 ቮልት እንደሚደርሰውና ግራውንዱ (ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የኔጌቲቭ መስመር) እንደሚይዝ ሳይረጋገጥ በሴንሰሩ ላይ መፍረድ አይገባም።