ጫፋቸው አልዘረጋ ያሉኝ የጌጥ ጨርቆች

ተደርድረው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉት ባለ ሦስት ማዕዘን የጌጥ ጨርቆች ቀላል ሥራ መስለውኝ ነበር። 12 ቆርጬ፣ ዳራቸውን አጥፌ ሰፍቼ ስሰቅላቸው ግን ጉድ ፈላ። ጎናቸው ተንሻፏል፤ ሹሉ ጫፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። በካውያ ብተኩስ ብተኩስ ወይ ፍንክች!

መጀመሪያ ያማሁት የስፌት መኪናዬን ነው። ለካ እሷ ምንም አላጠፋችም። አንድ ቁራጭ ይዤ ሳብ ሳደርገው ነገሩ ገባኝ። በክሩ አቅጣጫ ስስበው ንቅንቅ አይልም፤ በሰያፍ ስስበው ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። የሦስት ማዕዘኑ ሁለት ጎኖች ደግሞ በሰያፍ የተቆረጡ ናቸው። ስሰፋ እየሳብኩ የማረዝማቸው ራሴው ነበርኩ።

በሁለተኛው ዙር የሦስት ማዕዘኑን መሃል ከጨርቁ ቁም ክር (በርዝመቱ ከሚሄደው ክር) ጋር አግጥሜ ቆረጥኩ። በስስ ጥጥ ገበር ደርቤ፣ የጨርቁንና የገበሩን መልካም ገጽ ፊት ለፊት አገናኝቼ፣ ላዩን ክፍት ትቼ ሰፋሁ። ጨርቁን አልሳብኩም፤ መኪናዋ ራሷ ትውሰደው ብዬ ተውኳት። ከመገልበጤ በፊት ሹሉ ጋ የተረፈውን ጨርቅ ከስፌቱ 3 ሚሊሜትር ያህል አስቀርቼ ከረከምኩት። ሹሉን የሚያድቦለቡለው ይሄ ትርፍ ነው። ከዚያ ገልብጬ ሹሉን ከውስጥ በደነዘ እርሳስ ገፋሁት። (በመቀስ ጫፍ እንዳትሞክሩት፤ አንዱን በስቼዋለሁ።) ተገልብጦ ሲተኮስ ልክ ሆነ።

መስቀያውንም ቀየርኩ። ቀጭኑ ክር መሃሉ ላይ ይረግብብኝ ነበር። አሁን የጨርቆቹን አፍ በታጠፈ ጥብጣብ መሃል አስገብቼ ሰፍቼዋለሁ።