ካሜራችሁን ከመቀየራችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ቡና ከጠጣችሁ ወሬው አንድ ነው። «ይቺ ካሜራ ሰልችታኛለች፣ ልቀይራት ነው።» እኔም ብዬዋለሁ። ቀይሬም አይቻለሁ። ፎቶው ግን ያው ነበር። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሌንሱ ነው፣ አንዳንዴም የእኛ። ብር ከመውጣቱ በፊት ምልክቱን እንይ።

«ማታ ያነሳሁት ሁሉ ይደበዝዛል»

ይህን የተማርኩት የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ቢጫ አምፖል። እስክስታው ሲሞቅ የጨፋሪው ትከሻ ጭስ መስሎ ወጣ። እኔም ካሜራዬን ረገምኩ።

መጀመሪያ ፎቶውን አጉሉና እዩት። የድንኳኑ ምሰሶ ጥርት ብሎ ጨፋሪው ብቻ ከደበዘዘ ሻተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ዘግይቷል። ምሰሶውም ሰውም ወደ አንድ ጎን ከተጎተቱ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል። ከኋላ የተቀመጡት እማማ ጠርተው ሙሽራዋ ከደበዘዘች ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ሦስቱም «ደበዘዘ» ይባላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል።

ለመጀመሪያው ምክንያቱ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ዙም ስታደርጉበት ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ብርሃን ሲያንሰው ካሜራው ሻተሩን ያዘገየዋል። መፍትሄው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ከ5.6 ጋር ሲተያይ አስር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ ከጥሩ ሌንሶችም ርካሹ እሱ ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን 50 አቅርቦ ስለሚያሳይ ከግድግዳ ጋር ያጣብቃችኋል። ሥራችሁ ቤት ውስጥ ከሆነ የኒኮን 35 ኤፍ 1.8 ይመቻል። ለእስክስታ ሻተሩን ከ1/250 ሰከንድ አታዘግዩት። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ እስከ 3200 ልቀቁት። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይበል።

እጅ ለሚንቀጠቀጥባችሁ፦ በ50 ሌንስ ሻተሩን ከ1/80 ሰከንድ አታዘግዩት። ፎከስ ለሚስታችሁ፦ ነጥቡን ራሳችሁ ምረጡና ዓይን ላይ አሳርፉት፣ ለካሜራው አትተዉለት።

«ሌንሱ ገጠመ፣ ፎከስ ግን አያደርግም»

እዚህ ላይ ቁስል አለኝ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ወረድኩና ያገለገለ የኒኮን 50 ኤፍ 1.8 ገዛሁ። ሻጩ «ኒኮን ለኒኮን ነው፣ ምን ያሳስብሃል?» አለኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ሳልሞክረው ከፈልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤት ደርሼ ስገጥመው እንደ በር እጀታ ጸጥ አለ። በእጅ ካላዞሩት አይንቀሳቀስም።

ለካ ኤኤፍ-ዲ የተጻፈባቸው የቆዩ የኒኮን ሌንሶች ውስጣቸው ሞተር የለም። የሚያሽከረክራቸው በካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የእኔ ዓይነቶቹ ትናንሾቹ የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰቦች ደግሞ እሱ ሞተር የላቸውም። መፍትሄው ኤኤፍ-ኤስ የሚል ሌንስ መግዛት ነው፣ ወይም ከሌንሱ ጋር ወደ ዲ7000 ቤተሰብ ከፍ ማለት። አዲሶቹ መስታወት አልባ ኒኮኖች ላይ በኤፍቲዜድ አስማሚ እገጥመዋለሁ የምትሉ፣ አስማሚውም ሞተር የለውም።

ካኖን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጡት የኢኤፍ ሌንሶች፣ ፎከስ ራሳቸው በሚያደርጉት ሁሉ፣ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ኢኤፍ-ኤስ የሚለው ሌንስ ፉል ፍሬም በሚባለው፣ ሴንሰሩ ትልቅ በሆነው ባለ መስታወት የካኖን ካሜራ ላይ አይገጥምም። ነገ ፉል ፍሬም ለመግዛት ካሰባችሁ ዛሬ ኢኤፍ ግዙ።

ስለዚህ «ካኖን ይሻላል ኒኮን?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልሴ «ጓደኞችህ ምን ይዘዋል?» ነው። ወንፊት እንደምንዋዋሰው ሌንስም እንዋዋሳለን። ሰፈሩ ሁሉ ካኖን ይዞ ብቻችሁን ሌላ ከያዛችሁ ለሠርግ ቀን ማን ያበድራችኋል?

«ጓሳ ላይ ሁሉም ጉም ሆነብኝ፣ ባትሪውም ሞተ»

ሁለቱም የብርድ ሥራ ናቸው። ጓሳ፣ የመንዙ ደጋ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ የቆየ ካሜራ እሳት የነደደበት ቤት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱም ያው ነው። ካሜራውን ገና ብርዱ ላይ ሳለ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩትና ቀስ ብሎ ይሙቅ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ባትሪው አልሞተም፣ ደንዝዟል። አውጡና ደረት ኪስ ውስጥ፣ ጋቢ ሥር አሙቁት፣ ይመለሳል።

ጭላዳ ለማንሳት 55-250 ሌንስ ይበቃል። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነው ካኖን ላይ 250ው እንደ 400 ያቀርባል። ጭላዳው ከሰማይ ጋር ሲሆን ጥላ መስሎ ከወጣ ካሜራው በሰማዩ ተታሏል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ጨምሩለት።

«የጧፉ ብርሃን አረንጓዴ ነጥብ ሠራ»

ሌንሱ ፊት ያጠለቃችሁት ርካሽ ፊልተር ነው። አውልቁት።

«ያገለገለ ሌንስ እንዴት ልመን?»

ሁለቱንም ክዳን አውልቁና የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ አትግዙት። ሁለት ሦስት ብናኝ ግን ፎቶ ላይ አይታይም፣ ይልቅ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ቀጥሎ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙት፣ ፎከስ ሲያደርግ ስሙት። የእኔን ታሪክ አትርሱ። ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። እንደ መንዝ የድንጋይ ቤት ያለ ግድግዳ ካገኛችሁ ከዚያ የተሻለ መፈተሻ የለም። ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከመጨረሻው ክፈቱት፣ አንሱ። አራቱንም ጥግ አጉልታችሁ እዩ። አራቱም እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ ምንም አይደል፣ ሌንስ ሁሉ እንደዚያ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ውስጡ ተዛብቷል፣ ምናልባትም ወድቋል። ሻጩ «ግድግዳ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ቢስቅባችሁ አብራችሁት ሳቁና ሌንሱን መልሱለት።