ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚያድግ የሐሳብ ካርታ በአኒሜሽን ሶፍትዌር እንዴት ይሣላል?

የሐሳብ ካርታ ማለት አንድ ዋና ጉዳይ መሐል ላይ ተጽፎ፣ ከእርሱ የሚመነጩ ሐሳቦች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ዙሪያው የሚዘረጉበት ሥዕል ነው። በወረቀት ላይ ያለቀ ካርታ ለሠራው ሰው ግልጽ ቢሆንም፣ ሌላ ሰው ሲያየው ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ይቸግረዋል። በአኒሜሽን ሶፍትዌር ሲሣል ግን ቅርንጫፎቹ በየተራ ስለሚወጡ፣ ተመልካቹ ነገሩን ሠሪው ባሰበበት ቅደም ተከተል ይከተላል። እዚህ የምንጠቀመው ፔንስል ቱዲ (Pencil2D) የተባለውን ፕሮግራም ነው፤ በነጻ የሚወርድ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን፣ መሣሪያዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ለጀማሪ ይመቻል።

ኮምፒውተሩን ከመክፈት በፊት ካርታውን በእርሳስ ወረቀት ላይ መንደፍ ይገባል። ርእሳችን እንሰት ነው እንበል። መሐል ላይ «እንሰት» ይጻፍና አራት ቅርንጫፎች ይውጡለት፤ «ምግብ»፣ «ቃጫ»፣ «ቅጠል» እና «አካባቢ»። ከ«ምግብ» ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ፣ ከ«ቃጫ» ገመድ፣ ከ«ቅጠል» መጠቅለያና የከብት መኖ፣ ከ«አካባቢ» ጉራጌ፣ ሲዳማና ጌዴኦ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ። ቆጮ እንዴት ተፍቆና ተብላልቶ እንደሚዘጋጅ በድምፅ ሊነገር ይችላል፤ ለካርታው ግን «ቆጮ» የሚለው ቃል ይበቃዋል። እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ዘዴ ሲያስፋፋ አጥብቆ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው በአንድ ቅርንጫፍ አንድ ቃል ብቻ መጻፍ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በታችኛው የእስክሪኑ ክፍል ታይምላይኑ፣ ማለትም ሥዕሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ሰንጠረዥ፣ ይታያል። በመጀመሪያ እዚያ ላይ ቪዲዮው የሚያሳየውን አራት ማዕዘን የሚወስነውን «ካሜራ ሌየር» የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ወርዱን 1280፣ ቁመቱን 720 ፒክሰል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዚህ አራት ማዕዘን ውጭ የተሣለ ነገር ቪዲዮው ውስጥ አይገባምና ሥዕል ከተጀመረ በኋላ ይህን መቀየር ችግር ያመጣል። ፍሬም ማለት ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ነው፤ የፍሬሙን ፍጥነት ፕሮግራሙ ራሱ በሚያስቀምጠው ልክ፣ ማለትም በሰከንድ 12 ፍሬም ላይ መተው ይቻላል፤ ለካርታ ይበቃል፣ ሒሳቡም ቀላል ነው።

አሁን ሥራውን የሚያቀናው ወይም የሚያበላሸው ውሳኔ ይመጣል፤ እርሱም የሌየር አከፋፈል ነው። ሌየር ማለት በላይ በላዩ እንደተነባበረ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ያለ ነገር ሲሆን፣ በአንዱ ላይ የተሣለው ሌላውን አይነካም። ብዙ ጀማሪ ሁሉንም በአንድ ሌየር ላይ ይሥልና ቅርንጫፍ በጨመረ ቁጥር የቀድሞውን ፍሬም እየገለበጠ ይቀጥላል። እኔም መጀመሪያ የሠራሁት እንዲሁ ነበር፤ በሁለተኛው ፍሬም ላይ አንድ ፊደል መሳሳቴን ያየሁት ካርታው ካለቀ በኋላ በመሆኑ፣ ያንኑ ስሕተት ተከትለው በመጡት ፍሬሞች ሁሉ ላይ አንድ በአንድ ማረም ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ለመሐሉ ቃል አንድ ቢትማፕ (ሥዕሉን በጥቃቅን ነጥቦች የሚይዝ) ሌየር፣ ለእያንዳንዱ ዋና ቅርንጫፍም የራሱ ቢትማፕ ሌየር ይከፈት፤ ስማቸውም «ምግብ»፣ «ቃጫ» እየተባለ ይቀየር። ቬክተር የሚባለውን፣ መስመሮችን በሒሳብ ቀመር የሚይዘውን ሌየር ለጊዜው መተው ይሻላል።

በመሐለኛው ሌየር ፍሬም 1 ላይ ክብ ይሣልና «እንሰት» ይጻፍበት። ክቡን በባልዲው መሣሪያ ቀለም ለመሙላት መስመሩ ያለ ክፍተት መገጠም አለበት፤ ትንሽ ቀዳዳ ካለው ቀለሙ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ፕሮግራሙ የጽሑፍ መሣሪያ ስለሌለው ቃላቱ በእጅ ይጻፋሉ፤ የእጅ ጽሕፈቱ የማያምር ሰው በሌላ ፕሮግራም ጽፎ እንደ ምስል ማስገባት ይችላል። በእጅ ሲጻፍ ግን ለፊደሎቻችን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። «ቡላ» እና «በላ» የሚለዩት በ«ቡ» ጎን ባለችው ትንሽ ጭረት ብቻ ነው፤ ቪዲዮው በስልክ ሲታይ ያች ጭረት ከጠፋች ምግቡ ግሥ ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅ፣ ቅጥያውም በግልጽ የወጣ ይሁን።

ቀጥሎ ቅርንጫፉ እንዲያድግ እናደርጋለን። «ምግብ» የሚለውን ሌየር መርጦ ፍሬም 13 ላይ በመቆም ከኪቦርዱ ኤፍ 7ን (F7) ሲጫኑ ባዶ ፍሬም ይፈጠራል። እዚህ ላይ ከክቡ ተነሥቶ ጫፉ ድረስ የሚሄደውን ጎበጥ ያለ መስመር ሙሉውን መሣል ይገባል። መስመሩ ካማረ በኋላ ኤፍ 8ን ሦስት ጊዜ ሲጫኑ ግልባጮቹ በ14፣ በ15 እና በ16 ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወደ 13 ተመልሶ በላጲሱ ከጫፉ በኩል እያጠፉ በክቡ አጠገብ ያለውን ሩቡን ብቻ ማስቀረት፤ በ14 ላይ ግማሹን፣ በ15 ላይ ሦስት አራተኛውን ማስቀረት፤ 16ን ሳይነኩ መስመሩ ላይ «ምግብ» ብሎ መጻፍ ነው። መስመሩን ከትንሹ ጀምሮ እያስረዘሙ ከመሣል ይልቅ ሙሉውን ሥሎ ወደ ኋላ ማጥፋት የሚመረጠው፣ በአራቱም ፍሬሞች ላይ ያለው መስመር አንድ ዓይነት ስለሚሆንና ሲንቀሳቀስ ስለማይንቀጠቀጥ ነው።

ንዑስ ቅርንጫፎቹ በዚያው ሌየር ይቀጥላሉ። ፍሬም 16 ላይ ሆኖ ኤፍ 8ን ሲጫኑ ግልባጩ 17 ላይ ይቀመጣል፤ እርሱን ጠቅ አድርጎ ከመረጡ በኋላ ይዞ ወደ 23 መጎተትና «ቆጮ»ን መጨመር፤ በዚሁ መንገድ «ቡላ» በ31፣ «አሚቾ» በ39 ላይ ይውጡ። አንድ ሥዕል የሚከተለው ፍሬም እስኪመጣ በቦታው ስለሚቆይ ክፍተቱን መሙላት አያስፈልግም። ሌሎቹ ዋና ቅርንጫፎች በየ3 ሰከንዱ፣ ማለትም በ49፣ በ85 እና በ121 ላይ ይጀምራሉ። ለየቅርንጫፉ የተለያየ ቀለም መስጠት ጥሩ ነው፤ ቢጫ ግን በነጭ ላይ አይነበብም።

ፕሮግራሙ ፊልሙን የሚያበቃው በመጨረሻው ፍሬም ላይ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ቃል እንደወጣ ሥዕሉ ይቋረጣል። ይህ እንዳይሆን የ«አካባቢ»ን የመጨረሻ ፍሬም በኤፍ 8 ገልብጦ ግልባጩን እስከ 192 መጎተት ነው፤ ያን ጊዜ ሙሉው ካርታ ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ ይታያል፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 16 ሰከንድ ይሆናል።

ካርታውን ለሌላ ሰው ለመላክ «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ኤክስፖርት»፣ ቀጥሎም «ሙቪ» ተመርጦ ኤም.ፒ.4 (MP4) በተባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ግን የሥራውን ፋይል ለብቻው ሴቭ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በኤም.ፒ.4 ውስጥ ሌየሮቹ ስለማይኖሩ፣ ነገ ስለ እንሰት አምስተኛ ቅርንጫፍ መጨመር ቢያሻ የሚከፈተው ያ የሥራ ፋይል ነው።