ትኬት ቆረጥኩ ከማለታችሁ በፊት 13ቱን አሃዝ ፈልጉ

እዚህ ለገጣፎ አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ የዱባይ ትኬት ቆርጣ ወረቀቱን አሳየችኝ። ብሩን ከፍላለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 6 ኮድ ብቻ ነው። ይሄ ቦታ መያዣ እንጂ ትኬት አይደለም። ቀነ ገደቡ ካለፈ ቦታው ይሰረዛል። ደግነቱ ያን ዕለት ደውለን አስቆረጥን።

የተቆረጠ ትኬት ባለ 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት በ071 ይጀምራል። እሱን በዓይናችሁ ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ኢኮኖሚ በሚባለው ተራው የአውሮፕላን ማዕረግ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ብር ከፍለው ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ያው ነው፤ የሚለየው ደንቡ ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ ቀን ሲቀየር ያስቀጣል፤ ብትቀሩም ብሩ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ «ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ቀን ብቀይር ቅጣቱ ስንት ነው? ብሰርዝስ ስንት ይመለስልኛል? ሻንጣ ስንት ኪሎ ነው?» በሉ። ቪዛው ገና ያልወጣለት ሰው ርካሹን ባይገዛ እመርጣለሁ።

ሰዓቱን ደግሞ አደራ! ትኬቱ ላይ 01:30 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 7፡30 ነው እንጂ ጠዋት አይደለም። ቀኑም በፈረንጆቹ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። እንዲህ ያለ የሌሊት በረራ ላይ 15 ከተጻፈ ከቤት የምትወጡት በ14 ማታ ነው። ከእኛ ሰፈር እስከ ቦሌ መንገዱ ስለሚያስቸግር ታክሲውን በጊዜ ቅጠሩ።