ደርግ ጊዜ የዘመተ አባት ወይ አጎት ላላችሁ የወሎ ልጆች፦ ታሪኩን እንዴት እንደምትይዙት

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ወሎ ገጠር ውስጥ ከሞፈርና ቀንበር ተነስቶ ኤርትራ ወይ ትግራይ ምሽግ የገባ ሰው የሌለበት ዘመድ አዝማድ ማግኘት ይከብዳል፣ ግን ልጆቹን ብትጠይቋቸው «አባባ ወታደር ነበር» ከማለት አያልፉም፣ በየትኛው ዓመት ሄደ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት ተመለሰ ሚለውን ሚያቅ የለም። ሰዎቹ ደሞ እያረጁ ነው። ስለዚ እንዴት አድርጋችሁ እንደምትይዙት እኔ ከአጎቶቼም ከጎረቤትም ስሰበስብ የሰራልኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ከውጊያው አትጀምሩ። ሁሉም ሰው «የት የት ተዋጋህ?» ብሎ ነው ሚጀምረው፣ መልሱም «ሰሜን» ነው፣ አለቀ። ገበሬ ወታደር የጦሩን ካርታ አላየም፣ ያየው የራሱን ምሽግና አጠገቡ ያለውን ጓዱን ነው። ከሆድና ከእግር ጀምሩ። አንዱን አጎቴን «ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረግከው የት ነው?» ስለው ነው አፉ የተፈታው፤ ስልጠና ጣቢያ የተሰጠው ቡትስ ሰፍቶት ጨርቅ እየጠቀጠቀ ይሮጥ እንደነበር፣ ተረከዙ ተልጦ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ማታ በውሃ እያራሰ ይልጠው እንደነበር፣ ኮቾሮውን ጥርስ ስለማይገባው ሻይ ውስጥ እንደሚዘፈዝፉት፣ ሻይ ሲጠፋ ደሞ በድንጋይ እንደሚሰብሩት፣ ከዛ ሳልጠይቀው አለቃው ማን እንደነበርና ከደሴ በምን መኪና እንደተጫኑ ሁሉ መጣ። ምን በላችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር፣ ማን ነበር ደብዳቤ ሚጽፍልህ፣ እንዲ እንዲ ያለውን ጠይቁ።

ቀጥሎ እንዴት እንደሄደ ለዩ፣ ምክንያቱም ዓመቱን ግማሽ መንገድ ሚነግራችሁ እሱ ነው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ተብሎ በሚሊሻነት ሄዶ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሰለጠነ ከሆነ ሶማሊያን ለመመከት ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ሊሆን ይችላል (ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው)፣ ከዛ ጦሩ ወደ ኤርትራ ሲዞር አብሮ የዞረም ብዙ ነው። «ብሔራዊ» ካላችሁ ደሞ በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ነው፣ በወረቀቱ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው 6 ወር ሰልጥኖ 2 ዓመት አገልግሎ ይመለሳል ይላል። በወረቀቱ ነው ያልኩት። 2 ዓመት ተብሎ ሄዶ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የቀረው ስንት ነው፣ ዕድሜው ሳይደርስም ቁመቱ ታይቶ የተወሰደ አለ። ሶስተኛው አፈሳ ነው፣ ገበያ ላይ ወይ ሌሊት ከቤት የተያዘ። እዚ ጋ ጠንቀቅ በሉ፣ ኮታውን እንዲሞላ የታዘዘው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለነበር «ማን አስያዘህ?» ሚለው ጥያቄ ዛሬም ጎረቤት ያጣላል፣ የዛ ሰውዬ ልጅ ምናልባት እዛው ቡና እየጠጣ ነው። ይሄን ጥያቄ ዘማቹን ለብቻው ስታገኙት ጠይቁት።

ዓመተ ምህረት ላይ አታጨናንቁት። ገበሬ በበዓልና በችግር ነው ሚቆጥረው፣ እናንተ ናችሁ ወደ ቁጥር ምትቀይሩት። ለምሳሌ ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የደርጉ ጦር ናደው ዕዝ ሲደመሰስ መጋቢት 1980 ነው፣ ዓቢይ ጾም ነበር፣ በእስልምናው ደሞ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ገደማ ነው ሚቀረው፤ ሰውዬው «ሁዳዴ ላይ ነው የተበተንነው» ካላችሁ ወይ «ከተማረክን በኋላ ነው ጾሙ የገባው» ካላችሁ አንድ ፍንጭ ያዛችሁ ማለት ነው። ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ሲወድቅ ደሞ ኢድ ካለፈ አርባ ቀን ገደማ ሆኖት ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚገባ የሙስሊም ወታደር ጾም ዓመት ለመለየት ከክርስቲያኑ ጾም ይበልጥ ይጠቅማል፣ ክረምት ላይ ከጾመና በጋ ላይ ከጾመ መሃል የብዙ ዓመት ልዩነት አለ። ከፈረንጅ ጋር ስታመሳክሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ዓመት ነው ልዩነቱ፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ወሎ ላይ ትልቁ ምልክት ግን የ77 ድርቅ ነው። እሱ ምሽግ ውስጥ እያለ ነው ቤተሰቡ በረሃብ ያለቀው ወይ ኮረም መጠለያ የገባው ወይ ለሰፈራ ወደ ፓዌ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር የተጫነው። ስለዚ «ደብዳቤ ጻፍኩ መልስ የለም» ሚለውን ስትሰሙ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ መልሱን ሚጽፍ ሰው መንደሩ ውስጥ አልነበረ ይሆናል። «ድርቁን የሰማኸው ከማን ነው?» በሉት። እኔ እንደሚመስለኝ የወሎ ወታደር ታሪክ ከሌላው ሚለይበት ይሄ ነው፣ ጥይት ያልገደለውን ሰው ቤቱ ሲደርስ ባዶ ግቢ ነው የጠበቀው። ዘመድ ጠፍቶባችሁ ከሆነም ፓዌና ወለጋ ያሉ የወሎ ሰፋሪዎች ጋ መጠየቅ ያዋጣል።

ክፍሉን ለማወቅ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፦ ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር። ሰው ብርጌዱን ቢረሳ የሻምበሉን አዛዥ ስም አይረሳም። አስመራን ካለ ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት፣ መቀሌን ካለ ሶስተኛው ይሆናል፣ ሽሬን ካነሳ ደሞ 604ኛ ኮርን ጠይቁት፣ የካቲት 1981 እዛ ነው የተመታው።

ወረቀት ካለ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ። የፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ማህተም ካለ ከተማው ታወቀ፣ ደብዳቤ ላይ የእጅ ጽሑፉ የሌላ ሰው ከሆነ አትደንግጡ፣ ያልተማረው ለተማረው ጓዱ ነው ሚያስጽፈው። አድራሻ ላይ ክፍለ ሀገርና አውራጃ ነው ምታገኙት፣ የጁ፣ ወረኢሉ፣ ቃሉ፣ አምባሰል፣ ላስታ፣ ዋግ ምናምን፣ የዛሬውን ዞንና ወረዳ ብቻ ይዛችሁ ብትፈልጉ አይገጥምላችሁም።

ስለ መማረክ። «ለምን እጅ ሰጠህ?» በፍጹም እንዳትሉ፣ «ከዛስ ወዴት ወሰዷችሁ?» በሉ፣ ይበቃል። ሻዕቢያ እጅ ዓመታት የቆየ አለ፣ በግንቦት 83 ከኤርትራ ወደ ሱዳን በከሰላ የወጣ አለ፣ በእግሩ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በቆቦ አድርጎ ወልዲያ የገባ አለ። መንገዱን ከተማ በከተማ አስቆጥሩት፣ ማን ውሃ እንደሰጠው፣ ጫማውን በስንት እንጀራ እንደለወጠው ይነግራችኋል። ከተመለሱ በኋላ ተሃድሶ ካምፕ የገቡና «የደርግ ወታደር» እየተባሉ የኖሩ ስለሆኑ አንዳንዱ ዛሬም ቃሉን ይመርጣል። ደርግን ይወጋ የነበረው ኢህዴን በዋግና በላስታ ይንቀሳቀስ ስለነበር አንድ ወንድም እዚ አንዱ እዛ የነበረበት ቤትም አለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠይቁ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰውም ጦርነት ገና ትኩስ ነው፣ አንዳንዴ ሁለቱ ጦርነቶች አንድ ላይ ተደባልቀው ይወጣሉ፣ አታቋርጡ፣ በኋላ ትለያላችሁ።

ያልተመለሰ ከሆነስ? መርዶ እንኳን በወጉ ያልመጣለት ቤት ስንት ነው፣ ተዝካር ወይ ሰደቃ የወጣለት በግምት ነው። እዚ ጋ ዋና ምስክር አብረውት በአንድ ቀን ከአንድ ገበሬ ማኅበር የተጫኑት ናቸው፣ አብረው ስለሰለጠኑ እስከ የት አብረው እንደነበሩ ያውቃሉ። በገበያ ቀን ፈልጓቸው፣ ለምሳሌ በባቲ በኩል ከሆናችሁ ሰኞን ያዙ፣ ከየቀበሌው ሰው ይወርዳል። ሌላው ሴቶቹ ናቸው፣ ለቅሶው ላይ የተወረደው ሙሾ ውስጥ የቦታና የአለቃ ስም ሊኖር ይችላል፣ እናቶችን ግጥሙን በሉኝ በሏቸው።

ቀረጻው ቀላል ነው፣ ግን ተደብቃችሁ አትቅረጹ፣ «አባባ ለልጆቼ ላስቀምጠው ነው» በሉና አስፈቅዱ። ስልኩን ከጀበናው ራቅ አድርጋችሁ ከሰውዬው ጉልበት አጠገብ አድርጉት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አቁሙ ሲደክመው ይደባልቃልና። ከአቦል በፊት አትጀምሩ፣ ቶና ላይ ነው ወሬ ሚሞቀው። ቤት ስትደርሱ ፋይሉን ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ሰይሙት፣ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁም ለአንድ እህት ወይ ወንድምም ላኩ፣ ያልገባችሁን የቦታ ስም በወረቀት ያዙና በሚቀጥለው ስትሄዱ ከዛ ጀምሩ።