በጣሊያን ምግብ ቤት ሳይጣደፉ እንዴት ይበላል?

ጣሊያን ውስጥ ትራቶሪያ (ቀለል ያለ የአገሩ ምግብ ቤት) ገብቶ እራት ለመብላት ቢያንስ ሁለት ሰዓት መድቡ። ቦታ አስይዛችሁ ከሄዳችሁ ጠረጴዛው ባብዛኛው ሙሉ ምሽቱን የእናንተ ነው። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ሂሳብ ቢያመጣ «ተነሡልኝ» እንዳለ ስለሚቆጠር ዝም ብሎ ይተዋችኋል። ይህን እንደ ንቀት የሚያይ እንግዳ ምሽቱን በብስጭት ያሳልፋል፤ ለቤቱ ሰዎች ግን እንግዳን አለማጣደፍ ትልቅ አክብሮት ነው።

ሰዓትና ቤት መምረጥ

የምሳ ወጥ ቤት ከቀኑ 6:30 እስከ 8:30 ገደማ ይሠራል፤ ከዚያ ይዘጋና ምሽት 1:30 አካባቢ ይከፈታል (በነሱ አጻጻፍ 19:30)። ሮም ውስጥ ሰው ለእራት የሚወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ደቡብ 3 ሰዓትም ይሆናል። ፎቶ የተደረደረበት ሜኑ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ካያችሁ እለፉ። ሜኑው አጭርና በየወቅቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማክዶናልድ ሮም ፒያሳ ዲ ስፓኛ ላይ ሲከፍት ከተነሣው ተቃውሞ ጋር ስሙ የሚነሣው፣ ካርሎ ፔትሪኒ የመሠረተው ማኅበር «ስሎው ፉድ» (ዝግ ያለ ምግብ) ምልክቱ ቀንድ አውጣ ነው፤ በምግብ ቤት መመሪያው የተመረጡ ቤቶች ተለጣፊውን በራቸው ላይ ይለጥፉታል።

ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ሰዓቱን ተናገሩ። በቱሪስት ከተሞች ጠረጴዛውን በምሽት ሁለት ጊዜ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ፤ «ዶፒዮ ቱርኖ» ካሏችሁ የሁለተኛውን ዙር ያዙ፣ ከኋላችሁ የሚጠብቅ አይኖርም።

ስትገቡ

ባዶ ወንበር አይታችሁ አትቀመጡ። «ቦና ሴራ፣ ሲያሞ ኢን ኳትሮ» (አራት ነን) በሉና እስኪያስቀምጧችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃ ነው፦ «ናቱራሌ» ዝም ያለው፣ «ፍሪዛንቴ» እንደ አምቦ ጋዝ ያለው። የቤቱ ወይን በሩብ፣ በግማሽና በአንድ ሊትር ማሰሮ ይቀርባል፤ ለሁለት ሰው ግማሽ ሊትር ይበቃል። አስተናጋጅ ለመጥራት አታጨብጭቡ። ዓይኑን ያዙና «ሚ ስኩዚ» በሉ።

ማዘዝ

ቅደም ተከተሉ አንቲፓስቶ (መክፈቻ)፣ ፕሪሞ (ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ሾርባ)፣ ሴኮንዶ (ሥጋ ወይም ዓሣ)፣ ኮንቶርኖ (አትክልት)፣ ዶልቼ (ጣፋጭ) ነው። ሁሉን የመብላት ግዴታ የለም። አንድ ሰው የሚቀርብለት ፓስታ ሳይቀቀል ከ80 እስከ 100 ግራም ስለሆነ፣ ሁሉን ያዘዘ ሰው ሴኮንዶው ሲደርስ ጠግቦ ይጠብቀዋል። ለሁለት ሰው አንድ አንቲፓስቶ ተካፍሎ፣ ለየራስ ፕሪሞ፣ ከዚያ አንድ ሴኮንዶ ከአንድ ኮንቶርኖ ጋር በቂ ነው።

ሥጋው ሳህን ላይ ብቻውን ይመጣል። ድንች ወይም ቆስጣ ከፈለጋችሁ ለብቻው ማዘዝ አለባችሁ፤ «ፓታቴ አል ፎርኖ» ካላችሁ በምድጃ (ኦቨን) የተጠበሰ ድንች ነው። ዋጋው አጠገብ «ኤቶ» የሚል ቃል ካለ ግን ቆም በሉ። ኤቶ 100 ግራም ነው። የፍሎረንስ ትልቁ ስቴክ ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ኤቶው 6 ዩሮ የሆነ 1.2 ኪሎ ሥጋ 72 ዩሮ ይሆናል። ሳይጠበስ ክብደቱን ጠይቁ። መሃሉ ቀይ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ለብለብ የማይወድ ሰው ሌላ ምግብ ይዘዝ፣ አብስሉልኝ ማለት ሥጋውን ያበላሸዋል።

አሳማ የማይበላ ሰው ከሮም ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻን ይለፍ፤ ሦስቱም የአሳማ ጉንጭ አላቸው። የቦሎኛ ራጉም (የሥጋ ስልስ) አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ይገባበታል። «ቼ ማያሌ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለጾም ደግሞ ፒሳ ማሪናራ አስተማማኝ ነው፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት፣ አይብ የለውም። ደረቅ ፓስታ ባብዛኛው ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፤ እንደ ታሊያቴሌ ያለው ያልደረቀ ፓስታ ግን እንቁላል አለበት። «ሴንዛ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) ማለትን አትርሱ።

በዚህ ሁሉ ዝግታ ውስጥ የሚያስቸኩለው ፓስታው ነው

ወጥ ሠሪው ፓስታውን ጨርሶ ሳይበስል ያወጣና ከስልሱ ጋር መጥበሻ ላይ ያገላብጠዋል፤ ከተቀቀለበት ውሃ ጭልፋ ያህል ይጨምርበታል። በውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ስቡን ከውሃው ጋር ያያይዘውና ስልሱ እያብለጨለጨ እያንዳንዱን ክር ይለብሰዋል። ይህ መልክ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ይጠነክራል፣ በተለይ የአይብና የቁንዶ በርበሬው «ካቾ ኤ ፔፔ» ይጓጉላል። ስለዚህ እጅ መታጠብ፣ ስልክ ማናገር፣ ፎቶ ማንሳት ከመምጣቱ በፊት ይለቅ። አንዱ ሪሶቶ ካዘዘ ሩዙ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ስለሚፈጅ የሌላውም ፓስታ አብሮት እንዲወጣ ይዘገያል፤ አትገረሙ። ስፓጌቲ በቢላ አይቆረጥም፣ በሹካ ይጠቀለላል። የባሕር ምግብ ባለበት ፓስታ ላይ አይብ አይጨመርም። ሳህኑ ላይ የቀረውን ስልስ በቁራሽ ዳቦ መጥረግ «ስካርፔታ» ይባላል፤ እንጀራ ለለመደ እጅ አዲስ ነገር አይደለም፣ በትራቶሪያ ማንም አይነቅፈውም።

ከፕሪሞ እስከ ሴኮንዶ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሹካችሁን ተመልከቱ፦ ሹካና ቢላ ተለያይተው ከተቀመጡ «ገና እየበላሁ ነው» ማለት ነው፣ ሳህኑ አይነሣም። ጎን ለጎን ስታስተኟቸው ይነሣል፤ የሁሉም ሳህን ሲነሣ ነው ወጥ ቤቱ ሴኮንዶውን የሚያወጣው።

ቡናና ሂሳብ

ቡና ከጣፋጩ በኋላ ለብቻው ይመጣል። «ካፌ» ካላችሁ የምታገኙት ትንሽ ኤስፕሬሶ ነው። ማኪያቶውም የአዲስ አበባውን አይመስልም፤ ቃሉ «ነጠብጣብ ያለበት» ማለት ሲሆን ኤስፕሬሶው ወተት ጠብ ብሎበት ይቀርባል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፤ ከምግብ በላይ ወተት ሆድ ያከብዳል ይላሉ።

መሄድ ስትፈልጉ «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» በሉ። «ኮፔርቶ» የሚለው መስመር ለጠረጴዛና ለዳቦ በሰው የሚታሰብ ነው፣ በተለመዱ ቤቶች ከ1 እስከ 3 ዩሮ። ሮም ባለችበት በላዚዮ ክልል ከ2006 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በምትኩ «ፓኔ» (ዳቦ) ተብሎ ይጻፋል፤ ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ገና ሲቀርብ መልሱት። «ሰርቪዚዮ» የሚል ካለ የአገልግሎት ክፍያው ገብቷል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ካላችሁ ጥቂት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ ተዉ። እኩል መካፈል «አላ ሮማና» ይባላል፤ በትናንሽ ቤቶች ተነሥቶ ገንዘብ ተቀባዩ («ካሳ») ጋ ሄዶ መክፈልም የተለመደ ነው።